ስፓይና ቢፊዳ፦ በማህፀን ውስጥ ይታከም ወይስ ከተወለደ በኋላ?

አልትራሳውንዱ የፅንሱ ጀርባ ላይ ያልተዘጋ ክፍተት አሳየ፤ ነርቮቹ ገላጣ ናቸው፤ ስፓይና ቢፊዳ የሚባለው ይህ ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህን የሰማች እናት ፊት ሁለት መንገድ አለ፦ አንደኛው ፅንሱ በማህፀን እያለ ክፍተቱን በቀዶ ሕክምና መዝጋት፣ ሁለተኛው ከተወለደ በኋላ መዝጋት።

ጊዜ፦ በማህፀን ውስጥ ከሆነ 19 ሳምንት ከሞላ በኋላ፣ 26 ሳይሞላ ነው፤ ካለፈ አለፈ። ከወሊድ በኋላ ከሆነ በተወለደ በአንድ ሁለት ቀን።

ለልጁ፦ ልዩነቱ ያለው እዚህ ነው። በ2011 (እ.ኤ.አ.) በታተመው የአሜሪካ ጥናት፣ የጭንቅላት ውስጥ ፈሳሽን ወደ ሆድ የሚያወርድ ቱቦ ያስገቡት ቀድመው ከታከሙት 40 በመቶ፣ ዘግይተው ከታከሙት 82 በመቶ ነበሩ። በሁለት ዓመት ተኩላቸው ያለ ድጋፍ የሄዱት ደግሞ 42 በመቶ እና 21 በመቶ። ቀድመው ከታከሙትም ከግማሽ የሚበልጡት ያለ ድጋፍ አልሄዱም ማለት ነው። ስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ የሚችል ሴል) የገባው ለዚህ ነው። ዴቪስ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በማህፀን ውስጥ ጥገናው ሲደረግ ከእንግዴ ልጅ የተገኘ ሴል የተዘራበት ስስ ልጣፍ በገላጣው ነርቭ ላይ ያለብሳል፤ ከዚያ ጀርባው ይሰፋል። በ2021 በሰው ላይ ተጀመረ፤ ሙከራ ነው። ማንኛውንም በሽታ በስቴም ሴል እናድናለን ከሚሉት ክሊኒኮች ጋር አይምታታባችሁ።

ለእናት፦ በመጀመሪያው ማህፀኗ ይከፈታል፣ ምጥ ያለጊዜው ሊመጣ ይችላል፣ ቀጣይ ልጆቿም በኦፕራሲዮን ይወለዳሉ። በሁለተኛው ለጥገናው ሲባል እሷ አትነካም።

ችግሩ ቀድሞ ከታወቀ፣ ፅንሱ አንድ ከሆነና ሌላ ጉድለት ከሌለበት የመጀመሪያው ያዋጣል። መንታ ካረገዘች፣ የማህፀን በሯ ካጠረ ወይም ዘግይታ ካወቀች ሁለተኛው።