ዴሲዲም፦ የነዋሪው ሐሳብ መልስ የሚያገኝበት የባርሴሎና መድረክ

ዴሲዲም የባርሴሎና ከተማ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ ላይ ያዋለው የድረ ገጽ የሕዝብ ተሳትፎ መድረክ ሲሆን፣ ኮዱ (ሶፍትዌሩ የተጻፈበት የፕሮግራም ጽሑፍ) ለማንም ክፍት ነው። ነዋሪው ሐሳብ ያቀርባል፣ የሌላውን ሐሳብ ይደግፋል ወይም ይሞግታል፣ በበጀት ላይም ድምፅ ይሰጣል። ይህንኑ የሚያደርጉ ሌሎች ድረ ገጾችም አሉ፤ እኔ ዴሲዲምን የማስበልጠው ግን ሐሳቡ ከቀረበ በኋላ በሚደረገው ነገር ነው።

አንድ ሐሳብ ሲከፈት በግምገማ ላይ መሆኑ፣ መጽደቁ ወይም ውድቅ መደረጉ ከጽሑፉ ጋር ይታያል፤ አስተዳደሩ ለውሳኔው የሰጠው ምክንያትም እዚያው ይሰፍራል። ጽሑፉ ተሻሽሎ ከሆነ የቀድሞው ቅጂ ስለማይጠፋ፣ የትኛው ቃል ወጥቶ የትኛው እንደገባ ማነጻጸር ይቻላል። የጸደቀው ደግሞ ምን ያህሉ እንደተፈጸመ በክትትል ገጹ ላይ በመቶኛ ይነበባል። ሶፍትዌር በጋራ የሚሠሩ የክፍት ምንጭ ማኅበረሰቦች ማስተካከያ ሲቀበሉም ሆነ ሲመልሱ ክርክሩን በአደባባይ የሚያኖሩት በዚሁ መንገድ ነው። በ2016ቱ የከተማዋ የሥራ ዕቅድ ላይ ከ10,000 በላይ ሐሳቦች መቅረባቸውን ለሚያስብ ሰው፣ ይህ ሁሉ ቀላል ሥራ አይደለም።

ሆኖም ሶፍትዌሩ ብቻውን ባለሥልጣንን አያስገድድም። የክፍት ምንጭ መሪዎች ጆሮ ሲነፍጉ አባላቱ የኮዱን ቅጂ ይዘው ይወጣሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ኦፕን ኦፊስ ከተባለው የቢሮ ሥራ ሶፍትዌር ተለይቶ ሊብሬ ኦፊስ የተወለደው እንዲህ ነበር። ነዋሪ ግን መንገዱንና የውኃ መስመሩን ይዞ ሌላ አስተዳደር ማቋቋም አይችልም፤ ስለዚህ መልስ የማግኘት መብቱ በሕግ ሊጻፍለት ይገባል። በዚህ ረገድ የታይዋን መንግሥት ጆይን የተባለው መድረክ ይሻላል፤ በ60 ቀናት ውስጥ 5,000 ደጋፊ ላገኘ ሐሳብ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት በ2 ወር ውስጥ መልስ መስጠት አለበት።

ለአዲስ ተጠቃሚ የዴሲዲም ገጽ የተጨናነቀ ነው፤ ሐሳቦቹ ሲበዙም ተመሳሳዮቹን ፈልጎ ማግኘት ያደክማል። እነዚህ የሚታረሙ ጉድለቶች ናቸው። ሊጠቀምበት ለሚያስብ ማዘጋጃ ቤት ግን የምመክረው፣ ሶፍትዌሩ በነፃ ስለሚገኝ በጀቱን ሐሳቦቹን አንብበው መልስ ለሚጽፉት ባለሙያዎች እንዲይዝ፣ የመልሱንም የመጨረሻ ቀን ድረ ገጹ ከመከፈቱ በፊት ለሕዝብ እንዲያሳውቅ ነው።