ጀልባ ላላችሁ ሁሉ፦ ጣና ዳር ያለውን መልህቅ ሠሪ እወቁት

ባሕር ዳር ውስጥ የጀልባ መልህቅና ገመድ የሚያዘጋጅ አንድ በያጅ አለ። ዛሬ በአደባባይ ላመሰግነው ነው። ስሜ አይጻፍ ስላለኝ አልጽፈውም። ወደቡ ላይ ካሉት ጀልባ ነጂዎች አንዱን «መልህቅ የሚሠራው ልጅ የት ነው?» ብትሉት ያሳያችኋል።

ወደ ዘጌ ሰው የምናመላልስባት የቤተሰብ ጀልባ አለችን። ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል። የድሮው መልህቃችን ያኔ ይንሸራተት ነበር። ከባድ ነው፣ ግን አይነክስም።

ይህ ልጅ መጀመሪያ የጠየቀኝ የምናቆምበት ቦታ ታቹ ጭቃ ይሁን ድንጋይ ነው። ጭቃ ነው አልኩት። «እንግዲያው ክንፉ፣ ጭቃ ውስጥ የሚገባው ጠፍጣፋ ብረት፣ ሰፋ ይበል፤ ጭቃ ውስጥ ካልተቀበረ ክብደት ብቻውን አይዝላችሁም» አለኝ። የሠራልን ከድሮው ይቀላል።

ከመልህቁ ቀጥሎ ሰንሰለት አደረገ። ሰንሰለቱ ታች ስለሚተኛ መልህቁን በአግድም ይስበዋል፤ ወደ ላይ ከተሳበማ ይነቀላል። ከዚያ በኋላ ያለው ናይለን ገመድ ነው፣ ማዕበል ሲመታ ስለሚለጠጥ። የሚንሳፈፈውን የፕላስቲክ ገመድ አይነካም፤ ፕሮፔለር ላይ ይጠመጠማል።

እጁን ማየት ደስ ይላል። የገመዱን ጫፍ አልቋጠረውም፤ ቋጠሮ የገመድን ጉልበት እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ሦስቱን ፈትል ፈታ፣ በብረት ቀለበት ዙሪያ አዞረ፣ መልሶ ገመዱ ውስጥ ጎነጎነው። የማያያዣውን ቡሎን ካጠበቀ በኋላም እንዳይፈታ በቀጭን ሽቦ አሰረው።

ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ሳይሞክር ሂሳብ አለመቀበሉ ነው። አብሮን ሐይቁ ላይ ወጣ። ገመዱን በልክ ለቀቀ፦ ውሃው 4 ሜትር፣ የጀልባዋ ፊት ከውሃው 1 ሜትር ከፍ ቢል፣ 5 ሜትር ተብሎ ይቆጠራል፤ በ5 ሲባዛ 25 ሜትር፣ ነፋስ ሲበረታ በ7 አባዝቶ 35። ከዚያ ሞተሩን ቀስ ብለን ወደ ኋላ አስነሳን። እሱ ገመዱን በእጁ ይዞ፣ ዓይኑን ዳር ላይ ያለ ዛፍና ከኋላው ያለ ምሰሶ ላይ ተከለ። በአንድ መስመር ይታዩ የነበሩት ሁለቱ ከተለያዩ ጀልባዋ እየሄደች ነው። ተለያዩ። መልህቁ ይንቀጠቀጥ እንደነበር በገመዱም ተሰማው።

ምንም ሳያንገራግር ወደ ሱቁ መለሰው። ጭቃው በጣም ለስላሳ ስለሆነ ክንፉ ከዘንጉ፣ ከመሃል ብረቱ፣ ይበልጥ ራቅ ብሎ መከፈት አለበት ብሎ አስተካከለው። ተጨማሪ ብር አልጠየቀም። በሁለተኛው ሙከራ ሞተሩን ብንጨምርም ዛፉና ምሰሶው ንቅንቅ አላሉም።

ዋጋው ርካሽ ነው አልልም፣ ሥራው ግን ይገባዋል። ሰው ስለሚበዛበት ቀድማችሁ ንገሩት። የጀልባችሁን ርዝመትና የምታቆሙበትን ጥልቀት አውቃችሁ ሂዱ።

ወንድሜ፣ የሰው ነፍስ ተሳፍሮበት የሚሄድ ነገር ነውና እንዲህ ስለተጠነቀቅክልን እጅህ ይባረክ።