የቴራን ነገር 13ኛውን ክፍል ሳታዩ አትፍረዱ

መጀመሪያ ቅሬታዬን ላውጣ። እዚህ ሀዋሳ ፍላሽ ስትሰጧቸው ፊልም የሚጭኑላችሁ ቤቶች አሉ። ፒያሳ አካባቢ ካለው ከአንዱ ለታናሽ እህቴ ልዩ ኃይል ስላላቸው ወጣት ጀግኖች ቡድን የሚያወራውን የ«ቲን ታይታንስ» ካርቱን ሁለተኛ ሲዝን አስጫንኩላት። ቤት ገብተን ስናየው 12 ክፍል ብቻ ነው። ሲዝኑ 13 ነው። የጎደለው ደግሞ የመጨረሻው! በማግስቱ ስመለስ ልጁ «ያለው ይሄ ነው» ብሎ ሸኘኝ። ከሌላ ቤት እስካገኘው አራት ቀን ሄደ። አራቱን ቀን እህቴ ቡድኑን የከዳችውን ልጅ፣ ቴራን ስትረግም ከረመች። «ይሁዳ ናት» ትላለች። 7ኛ ክፍል ናት፤ ስትጠላ ከልቧ ነው።

ይሁዳ ማለቷ ደግሞ ያለ ነገር አይደለም። ታሪኩ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1984 በኮሚክ መጽሔት ነው፤ ማርቭ ዎልፍማንና ጆርጅ ፔሬዝ የሠሩት። ርዕሱም «የይሁዳ ውል» ነው። እዚያ ላይ ቴራ ከመጀመሪያውም ጆሮ ጠቢ ናት። ለቡድኑ ጠላት ለስሌድ የምትሠራው ወዳ፣ አውቃ ነው። ንዴቷ ሳይበርድ ትሞታለች። ካርቱን ኔትወርክ ከ2003 እስከ 2006 ያሳየው ካርቱን ግን ያንኑ ታሪክ ወስዶ ልጅቷን ቀየራት። ክህደቱ አለ። ክፋቱ ከየት እንደመጣ ግን ሌላ ነው። ለእኔ የተሻለው ይሄኛው ነው።

እዚህ ቴራ መሬትና ድንጋይ የማንቀሳቀስ ኃይል ያላት ባዶ እጇን የምትዞር ልጅ ናት። ኃይሉን ግን መቆጣጠር አትችልም። ልርዳ ብላ ታፈርሳለች። ይህን የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለቡድኑ አባል፣ ለአረንጓዴው ልጅ ለቢስት ቦይ። ለማንም እንዳይናገር ቃል አስገባችው። ስሌድ የሚገባው በዚህች ቀዳዳ ነው። ወርቅ አልሰጣትም፣ ሥልጣን አልሰጣትም። የምታፍርበትን ነገር አወቀ፣ በቃ። ጓደኞችሽ ሲያውቁ ይጠሉሻል፣ እኔ ግን አስተምርሻለሁ አላት። ድምፁን የሰጠው ሮን ፐርልማን ነው፤ እንደ አባት ዝግ ብሎ ሲያወራ ነው የሚያስፈራው።

ከዚያ የቡድኑ መሪ ሮቢን ችግሯን ሲያነሳባት ቢስት ቦይ የነገረባት መሰላት። አልነገረም። ሮቢን በራሱ ነው የገባው፤ ሊረዳትም ነበር የፈለገው። እሷ ግን ሳትሰማ ሄደች።

እዚህ ላይ ፊልሙን አቁሜ ለእህቴ የራሴን ነገርኳት። 10ኛ ክፍል ፈተና ስወድቅ 17 ዓመቴ ነበር። ቤት ለመናገር ፈራሁ። በየቀኑ ደብተር ይዤ ወጥቼ ሐይቅ ዳር ነበር የምውለው። አሞራ ገደል፣ አሣ ገበያው ጋ፣ አሣ የሚጋብዘኝ አንድ ሰውዬ ተገኘ። ውጤቴን የነገርኩት ለሱ ብቻ ነው። «እናትህ ብታውቅ ልቧ ይሰበራል፣ እኔ ሥራ እሰጥሃለሁ» አለኝ። ሥራው ስልክ ከቦታ ቦታ ማድረስ ነበር። የማን ስልክ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ገብቶኝ እንኳን አልጠየቅኩም። ለእናቴ የተናገርኩ ቀን «ከሰማሁ ሦስት ሳምንቴ ነው፣ እስክትነግረኝ ነበር የምጠብቅህ» አለችኝ። እህቴ ይህን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። «ታዲያ ለምን ዝም አለች?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ወደ ካርቱኑ። 10ኛው ክፍል ላይ ቢስት ቦይ በእጁ የሠራላትን የልብ ቅርጽ ያለው ሣጥን ይሰጣታል። ክዳኑን ስትከፍት ውስጡ መስታወት ነው። ያን መስታወት ስታይ ፊቷን ልብ በሉ። በኋላ እውነቱ ሲወጣ ስሌድ ጓደኛ እንደሌላት ይነግራታል። እሷም ወደ ቢስት ቦይ ዞራ በዓይኗ ትለምነዋለች። እሱ ደግሞ ስሌድ ልክ ነው፣ ጓደኛ የለሽም ይላታል። ተከድቷል፣ አልፈርድበትም። ግን ስሌድ ሲዝኑን ሙሉ የደከመለትን ሥራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰለት። እንደዚህ የሚያም ነገር በልጆች ካርቱን አይቼ አላውቅም።

የማልወደውም አለ። 8ኛው ክፍል ላይ ተመልሳ ትመጣለች፣ 10ኛው ላይ ትከዳለች። በመሃል ያለው 9ኛው ስለሷ አይደለም። ሌሊት ከነሱ ጋር በልታ ተኝታ፣ ጠዋት ምስጢራቸውን አሳልፋ ስትሰጥ ውስጧ ምን እንደሚል ለማየት አንድ ክፍል ቢጨመር እንዴት ጥሩ ነበር። 11ኛውም ወጉ ሲጦፍ የሚያቋርጥ ቀልድ ነው። ጊዜ ከሌላችሁ 3፣ 8፣ 10፣ 12 እና 13ን ተመልከቱ፤ ታሪኩ አይጎድልባችሁም። እኛ ያየነው በአማርኛ አልተተረጎመም፤ ለታናናሾች አጠገባቸው ተቀምጦ የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋል።

13ኛውን ያየነው እሁድ ማታ ነው። ስሌድ ያለበሳት ልብስ ከሰውነቷ ጋር ተጣብቆ እጇን እግሯን እሱ ያንቀሳቅሰዋል። ልሂድ ብትልም አይለቃትም። ከዚያ የቢስት ቦይ ቃል ይመጣል፤ ቃሉን አልነግራችሁም። እሳተ ገሞራው ሲነሳ ከተማውን ለማትረፍ ብቻዋን ወደኋላ ቀርታ ድንጋይ ትሆናለች። እህቴ የኛ ሐይቅም የድሮ እሳተ ገሞራ በሰረጎደው ቦታ ላይ እንደተኛ፣ የኮርቤቲ እሳተ ገሞራም ቅርባችን እንደሆነ ክፍል ተምራለች። ሁለት እጇን ወለሉ ላይ አድርጋ ነው የጨረሰችው።

ሲያልቅ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «ወንድም ጋሼ፣ አራት ቀን ሙሉ ስሰድባት ነበር እኮ» አለችኝ። ሪሞቱን ከእጄ ወስዳ ወደ 3ኛው ክፍል መለሰችው።