ሁለት ሞላ ያለው አዲስ ወይስ ያገለገለ ባለ አንድ ሞላ? የተራራ ብስክሌት ለፈሪ ጀማሪ

ሱሉልታ ቤት ተከራይቼ ከገባሁ ወዲህ ስንቱ ሰው ነው "ብስክሌት መጀመር እፈልጋለሁ፣ ግን እፈራለሁ" ያለኝ። እኔም ፈሪ ነኝ። እንጦጦ ጫካ ውስጥ አሁንም ወርጄ እየገፋሁ የማልፋቸው ቁልቁለቶች አሉ፣ ማንም ምንም ብሎኝ አያውቅም። ስለዚህ ይሄ ንጽጽር ለጎበዞች አይደለም።

በእኛ ገበያ ጀማሪ ፊት የሚቀርበው በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከፊትም ከኋላም ሞላ ያለው፣ የሚያብረቀርቅ፣ ፕላስቲኩ እንኳን ያልተላጠ አዲስ። ሌላኛው ከውጭ አገልግሎ የመጣ፣ ሞላው ፊት ብቻ የሆነ፣ ቴላዮው (ዋናው አካሉ) የተጫጫረ። ዋጋ አልጽፍም፣ ብጽፍ ሳምንት ሳይሞላኝ ውሸታም እባላለሁ። እኔ ስገዛ ግን ተቀራራቢ ነበሩ፣ ሰውን የሚያሳስተውም ይሄ ነው። አዲስ እያለ በዚያው ብር አሮጌ ማን ይገዛል? እንዲያ ብዬ አዲሱን ገዛሁ።

ከሞላው ልጀምር። ሁለት ሲሆን የሚመች ይመስላል። ርካሽ ብስክሌት ላይ ያለው የኋላ ሞላ ግን ብዙ ጊዜ የሚያረጋጋው ዘይት የለውም፣ ዝም ብሎ ጥቅልል ብረት ነው። ሲጫኑት ይወርዳል፣ ሲለቁት እንደ ሽቦ አልጋ ያነጥራል። ዳገት ላይ ፔዳሉን በረገጣችሁ ቁጥር ኮርቻው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ጉልበታችሁ ወደ ጎማው መሄዱ ቀርቶ ሞላው ውስጥ ይቀራል። ክብደትም ይጨምራል። የፊቱን ሞላ ለመፈተን ደግሞ ሱቅ ውስጥ የፊት ፍሬን ይዛችሁ መሪውን ወደ ታች ጫኑት። ቀስ ብሎ ከተመለሰ ጥሩ ነው፣ ጓ ብሎ ከዘለለ ተዉት።

ማርሽ ላይ ደግሞ "21 ማርሽ" የሚለው ጽሑፍ አያታልላችሁ፣ ቁጭ ብላችሁ ጥርስ ቁጠሩ። ነጋዴው ይስቅባችሁ ይሆናል፣ ይሳቅ። የእኔ አዲሱ ፊት፣ ፔዳሉ ጋ፣ ትንሹ ማርሽ 24፣ ኋላ ጎማው ላይ ትልቁ 28 ጥርስ ነበር። በኋላ የገዛሁት ያገለገለው ደግሞ 22 እና 34 ነው። ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር የአዲሱ የኋላ ጎማ 0.86 ዙር ይሄዳል፣ የአሮጌው 0.65። በእግር ቋንቋ ዳገቱ በሩብ ያህል ቀለለ ማለት ነው። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ሳስቶ ልብ አፍ ውስጥ ሲገባ ያቺ ሩብ ምን እንደሆነች ታውቋታላችሁ።

ጎማ ላይ ብዙ አልቆይም። ባለ 29 ኢንች ጎማ ድንጋይ በቀላሉ ይዘላል፣ የባለ 26ቱ ግን ካላማዳሪያው በየቦታው ይገኛል። ጎሚስታ ስትሄዱ እንደ መኪና አጠንክሮ እንዳይሞላላችሁ ተቆጣጠሩ፣ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ጫካ ውስጥ ከ30 እስከ 35 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ይበቃል። ያገለገለው ላይ መንፊያው ቀጭን አንገት ካለው ደግሞ የጎሚስታው ቱቦ አይገጥምም፣ ትንሿን ማገናኛ ኪሳችሁ ያዙ።

አዲሱ የሚሻልበት ጊዜ የለም አልልም። ለገጣፎ አካባቢ አስፋልት ለአስፋልት፣ ጠዋት ጠዋት ለመንሸራሸር ከሆነ ይበቃል፣ እንዲያውም ኋላ ሞላ የሌለውን አዲስ ብትመርጡ ይሻላል። ያገለገለው የራሱ ጣጣ አለው። ብየዳው አካባቢ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ካያችሁ ምንም ያህል ቢረክስ አትግዙ። ካቴናውን ከፊተኛው ጥርስ ላይ ወደ ፊት ሳቡት፣ ግማሽ ጥርስ ከታየ አልቋል፣ ዋጋውን አስቀንሱበት።

ወደ ፍሬኑ እንምጣ፣ የፈሪ ሰው ጉዳይ ዋናው እዚህ ነው። አዲሱን በገዛሁ በሁለተኛው ሳምንት ከእንጦጦ ስወርድ፣ በባህር ዛፎቹ መሃል፣ ቅጠል የተሸከሙ ሦስት እናቶች ከፊቴ ነበሩ። ፍሬን ያዝኩ። መያዣው እስከ መሪው ድረስ ተጠጋ፣ ብስክሌቱ ግን መንገዱን ቀጠለ። ሽቦው ላልቷል ለካ። ቦይ ውስጥ ገባሁ። አንደኛዋ እናት ሸክሟን ሳታወርድ "ውይ ልጄን! ምን ያጣድፍሃል?" አለችኝ። እኔ መቼ ቸኮልኩ!

ያገለገለው በዘይት የሚሠራ ፍሬን አለው፣ በአንድ ጣት ይቆማል። ፍርሃቴ ግማሹ የሄደው በዚህ ነው፣ መቆም እንደምችል ሳውቅ መንዳት ቀለለኝ። ሆኖም ዘይቱ ሁለት ዓይነት ነው። ሺማኖ የሚባለው ኩባንያ ፍሬን ሚኒራል ዘይት ነው የሚጠቀመው፣ አንድ ሠፈር ያለ ሠራተኛ ደግሞ የመኪና ፍሬን ዘይት ሊጨምርልኝ ጠርሙሱን ከፍቶ ነበር። እሱ ከገባ ጎሚኒዎቹን ይበላቸዋል። የሚሠራላችሁን ሰው በዓይናችሁ ተከታተሉ። ይሄ ሁሉ ራስ ምታት ከሆነባችሁ በሽቦ የሚሠራውን ግዙ፣ በፒንሳ የሚጠብቅ ነው፣ ግን በየሳምንቱ እዩት።

አንድ ነገር ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት። ከእንግሊዝ የመጣ ከሆነ ብዙ ጊዜ የፊት ፍሬኑ በቀኝ እጅ ነው፣ ከሌላ አገር የመጣው ግን በአብዛኛው በግራ። የፊት ጎማውን አንሱት፣ አሽከርክሩት፣ አንዱን መያዣ ጨብጡ። የትኛው እጃችሁ እንዳቆመው እዚያው ሱቁ ውስጥ እወቁ፣ ቁልቁለት ላይ ሳይሆን።