ነጋሪት ጋዜጣ ከአራት ኪሎ፣ ሰበር ከኢንተርኔት፦ የሕግ ጥናት መሣሪያዎቻችን ሲገመገሙ

ለውጭ ባለሀብት ውል የሚያረቅቅ፣ ለፊንቴክ (የፋይናንስ ቴክኖሎጂ) ድርጅት የሕግ አስተያየት የሚጽፍ ወይም ውጭ አገር የተሰጠ ፍርድ እዚህ ለማስፈጸም የሚሯሯጥ ባለሙያ አዲስ አበባ መሀል ላይ በእጁ ያለው መሣሪያ ሦስት ነው፦ የታተመው ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰበር (መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለባቸው የተባሉ ፍርዶችን በመጨረሻ የሚያየው ችሎት) ውሳኔዎች ቅጾች፣ ሕጎችን በነፃ የሚያስነብቡ ድረ ገጾች። ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር። ነጋሪቱ ይታመናል፣ ግን ብቻውን አይበቃም። የሰበር ቅጾቹ ሀብታም ናቸው፣ ሳይጣሩ ከተጠቀሱ ግን ያሳፍራሉ። ድረ ገጾቹ ለፍጥነት እንጂ ለማረጋገጫ አይሆኑም።

አራት ኪሎ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ጋዜጣውን ለመግዛት የሚሄድ ሰው የአዋጁን ስም ሳይሆን ቁጥሩንና ዓመተ ምሕረቱን ይዞ ይሂድ። «የንግድ ሕግ ስጡኝ» ከማለት «1243/2013» ማለት ይቀላል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት የቀን አቆጣጠሩን ነው። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ 1243/2021 የተባለውና በአማርኛ 1243/2013 የሚባለው አንድ አዋጅ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ የወጣ ሕግ ላይ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ስለሆነ በደፈናው ስምንት መቀነስ ሁልጊዜ አይሠራም። ቁጥሩን የሙጥኝ ማለት ይሻላል፤ ቁጥሩ አይለወጥም።

ጋዜጣው በግራ አማርኛ፣ በቀኝ እንግሊዝኛ ሆኖ በሁለት ዓምድ ይታተማል። ሁለቱ ከተጋጩ የሚጸናው አማርኛው ነው፤ ይህ በአዋጅ ቁጥር 3/1987 የተደነገገ ነው። የውጭ ደንበኛ እንግሊዝኛውን ብቻ አንብቦ ሲከራከር ጠበቃው አማርኛውን ካላየ ችሎት ላይ የሚገጥመው ምን እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። ሲገዙ ሁለት ቦታ ይመልከቱ፦ ራስጌው ላይ ያለውን የኅትመት ቀንና የመጨረሻውን አንቀጽ። አብዛኛው ሕግ «በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ከወጣበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል» ስለሚል፣ ምክር ቤቱ ባጸደቀበትና ጋዜጣው በታተመበት ቀን መካከል የተፈረመ ውል በየትኛው ሕግ እንደሚገዛ የሚወሰነው በዚያች ራስጌ ላይ ባለች ቀን ነው። ዜና ላይ የተሰማው የመጽደቂያ ቀን አያገለግልም።

የነጋሪቱ ትልቁ ጉድለት ማሻሻያዎችን ከዋናው ሕግ ጋር አዋህዶ አለማውጣቱ ነው። የብሔራዊ የክፍያ ሥርዓት አዋጅ 718/2003ን ይዞ የሞባይል ገንዘብ ጥያቄ የሚመልስ ሰው ማሻሻያውን 1282/2015 ካላስጠጋ ለውጭ ባለሀብቶች የተከፈተውን በር አያየውም። የንግድ ሕጉም ወጥመድ አለው። 1243/2013 ስለ ነጋዴዎች፣ ስለ ንግድ ማኅበራትና ስለ ኪሳራ የነበሩትን የ1952ቱን ሕግ መጻሕፍት ተካ እንጂ ስለ ማጓጓዣና መድን የሚናገረው ሦስተኛ መጽሐፍ፣ እንደ ቼክ ስላሉ የሚተላለፉ የገንዘብ ሰነዶችና ስለ ባንክ ሥራ የሚናገረው አራተኛ መጽሐፍ በሥራ ላይ ናቸው። የቼክ ክርክር የያዘ ሰው አዲሱን አዋጅ ገጽ በገጽ ቢያገላብጥ ድካሙ ነው የሚተርፈው።

መሥሪያ ቤቶች አዋጅ ለማስፈጸም የሚያወጡት መመሪያ ደግሞ ነጋሪት ላይ አይወጣም፤ ዘመናዊው ንግድ የሚንቀሳቀሰው ግን በመመሪያ ነው። የውጭ ምንዛሪውን አሠራር የለወጠው የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ኤፍ.ኤክስ.ዲ./01/2024 (ዓመቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ለዚህ ምስክር ነው። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ 1183/2012 ከወጣ በኋላ መመሪያ እንዲመዘገብ፣ ቁጥር እንዲሰጠውና በድረ ገጽ እንዲወጣ ግዴታ ስለሆነ፣ አንድ መሥሪያ ቤት «መመሪያችን ይከለክላል» ሲል የመጀመሪያው ጥያቄ «የምዝገባ ቁጥሩ ስንት ነው?» መሆን አለበት። ጥያቄው ብዙ ክርክር ያሳጥራል።

በቴክኖሎጂ በኩል ሕግ የለም የሚለው ወሬ ጊዜው ያለፈበት ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ 958/2008፣ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ 1072/2010፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ 1205/2012 እና የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 አሉ። ችግሩ ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጋር ማገናኘቱ ላይ ነው። በኢሜይል የተደረገ ስምምነት ይጸናል ወይ ሲባል 1205ን ብቻ ጠቅሶ «አዎ» የሚል አስተያየት ግማሽ መንገድ ነው። መጀመሪያ ያ ዓይነት ውል በጽሑፍ እንዲሆን በሕግ ይገደዳል ወይ ይባል። ካልተገደደ ውል በማንኛውም መልክ ሊደረግ እንደሚችል የሚናገረው የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1719 መሠረት ይሆናል። ከተገደደ አንቀጽ 1727 ፊርማና ሁለት ምስክር ስለሚጠይቅ መመርመር ያለበት ፊርማው ብቻ ሳይሆን የምስክሮቹ ጉዳይም ነው።

ወደ ሰበር ቅጾቹ ስንመጣ ምርጡ ዕቃ እዚህ ነው ያለው። የሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ውሳኔው ላይ ፍሬ ሐሳቡና የተጠቀሱት አንቀጾች ከፊት ስለሚቀመጡ ፈጥኖ ለመለየት ያመቻል። ፍለጋው ግን ትዕግሥት ይፈትናል። የቆዩ ፋይሎች ወይ በፎቶ የተነሡ ገጾች ናቸው፣ ወይ ከዩኒኮድ (የዛሬው የኮምፒዩተር ፊደል ደረጃ) በፊት በነበሩ የአማርኛ ፊደላት የተተየቡ ስለሆኑ ሲቀዱ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናሉ። የሚነበበውም ቢሆን «ሥነ ሥርዓት» ብለው ሲፈልጉ «ስነ ስርዓት» ተብሎ የተጻፈው አይመጣም። ስለዚህ በቃል ሳይሆን በአንቀጽ ቁጥር ወይም በመዝገብ ቁጥር ይፈልጉ፤ ቁጥር የፊደል ጣጣ የለበትም።

ከዚህ የከፋው አደጋ ግን በኋላ በወጣ ሕግ የተተካ ትርጉም ነው። ቅጽ 10 ላይ ያለው የመዝገብ ቁጥር 42239 ተዋዋዮች ከፍርድ ቤት ውጭ የመረጧቸው የግልግል ዳኞች ውሳኔ የመጨረሻ ይሁን ብለው ቢስማሙም መሠረታዊ የሕግ ስህተት ካለበት ሰበር ያየዋል ይላል። በግንቦት 2010 በመዝገብ ቁጥር 128086 ደግሞ ችሎቱ ሄግ ያለው ቋሚ የግልግል ፍርድ ቤት ባስተዳደረው ጉዳይ፣ በባቡር ሐዲድ ፕሮጀክት ላይ ለአውሮፓ ተቋራጭ ከ20 ሚሊዮን ዩሮ በላይ የፈረደውን ውሳኔ ሻረ። ሁለቱን አንብቦ እዚያው የቆመ ሰው ደንበኛውን ያሳስታል። የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር አዋጅ 1237/2013 አንቀጽ 49 መጥቶ፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ ይግባኝ የለም፣ ለሰበር ማመልከት ግን ይቻላል፣ ተዋዋዮቹም ሰበርን በውላቸው ማስቀረት ይችላሉ ብሏል። ድረ ገጹ የቆየውን ውሳኔ ሲከፍትልዎ «ይህን ተከትሎ ሕግ ወጥቷል» ብሎ አይነግርዎትም።

ድንበር ተሻጋሪው ጉዳይ የመሣሪያዎቹ ዋና ፈተና ነው። አስቀድሞ በእጅ ያለው የፍርድ ቤት ፍርድ ነው ወይስ የግልግል ውሳኔ? ፍርድ ከሆነ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 456 ጀምሮ ያለው ይገዛል። ማመልከቻው ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሲቀርብ የተረጋገጠ የፍርድ ግልባጭና ፍርዱ የመጨረሻና ሊፈጸም የሚችል መሆኑን የፈረደው ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ወይም ሬጅስትራር የፈረመበት ምስክር ወረቀት ይያያዛል። ሁለተኛው ወረቀት ነው የሚረሳው፤ ግልባጩ ማኅተም ስላለበት ይበቃል ብለው የሚያስቡ አሉ፣ አይበቃም። ሁሉንም ወደ አማርኛ አስተርጉሙ። ቁጥር 458 ላይ ከተዘረዘሩት መካከል ወገብ የሚሰብረው የመጀመሪያው ነው፦ ያቺ አገር የኢትዮጵያን ፍርድ ታስፈጽማለች ወይ? ይህን ነጋሪትም ሰበርም አይመልሱም፤ የዚያን አገር ሕግ በማስረጃ ማቅረብ ያስፈልጋል። የግልግል ውሳኔ ከሆነ ግን መንገዱ ሰፍቷል። ኢትዮጵያ የውጭ አገር የግልግል ውሳኔዎች እንዲፈጸሙ የሚያደርገውን የኒውዮርክ ስምምነትን በአዋጅ 1184/2012 አጽድቃለች፣ ከኅዳር 2013 ጀምሮም ተፈጻሚ ነው። ስትቀበል ያስቀመጠቻቸውን ገደቦች ሳያነቡ አይነሡ፤ ስምምነቱ ንግድ ነክ ጉዳይን ብቻ ይመለከታል፣ ወደ ኋላ ተመልሶም አይሠራም።

ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ለሰበር ፍለጋ የሚጠቀሙ አሉ። አዋጅ እንዲያጠቃልል ቢያዙት ጥሩ ነው። የመዝገብ ቁጥር ሲጠይቁት ግን የሌለ ቁጥር ከነቅጹ አሳምሮ ሊሰጥ ይችላል፤ ቅጹን ከፍተው ካላዩት አይጥቀሱት።

ገንዘብ የሚያወጣ ሰው 1237ን (ግልግል)፣ 1243ን (ንግድ)፣ 1205ንና (ኤሌክትሮኒክ ግብይት) 1321ን (ግል ዳታ) በወረቀት ይግዛ፤ እያንዳንዱ ሽፋን ውስጥም ማሻሻያ መኖር አለመኖሩን በእርሳስ ይጻፍ። የሰበር ቅጾቹን ማተም አያስፈልግም። የሁለት አገር ሕግ ሲጋጭ የሚገዛ የተሟላ የግለሰብ ዓለም አቀፍ ሕግ እስካሁን በአገራችን ስላልወጣ፣ በዚያ ጥያቄ ላይ ስድስት ኪሎ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ያሉት የመመረቂያ ጽሑፎች ከማንኛውም ድረ ገጽ ይበልጣሉ። መታወቂያ ይዛችሁ ሂዱ።