የማኅበረሰብ ጤና ዲግሪ፦ አራት ዓመት ተምሬው ያየሁት

ባለፈው ወር የታናሽ እህቴ ጓደኛ ደወለችልኝ። «ኮሚዩኒቲ ሄልዝ ልማር ወይስ ይቅርብኝ?» አለችኝ። አንድ ሰዓት ያህል አወራን። ያልኳትን ሌላም ሰው ሊጠቅመው ይችላል ብዬ እዚህ ልጽፈው ነው።

ባጭሩ፣ ትምህርቱን በጣም እወደዋለሁ። እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት የመስክ ሥራውን የያዘበት መንገድ ግን እስካሁን ያናድደኛል። ሁለቱን አትቀላቅሉብኝ።

መጀመሪያ ስገባ ነገሩ አልገባኝም ነበር። እማዬም ለእረፍት ቤት በሄድኩ ቁጥር «መርፌ መውጋት ጀመራችሁ?» ትለኛለች። አልጀመርንም። ይህ ዲግሪ የሚያስተምረው አልጋ ላይ የተኛ ሰው ማከም አይደለም። ሃያ ሰው ተቅማጥ ይዞት ቢመጣ ሐኪሙ ሃያውን ያክማል። እኛ ደግሞ ሃያዎቹ ውሃ የሚቀዱት ከየት ነው ብለን እንወጣለን። መርፌ መውጋት የሚፈልግ ሰው ነርሲንግ ወይም ሕክምና ይማር፤ እዚህ ገብቶ አራት ዓመት ሙሉ ሲከፋው አይቻለሁ።

የመጀመሪያው ዓመት አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ማይክሮባዮሎጂ ነው። ከሌሎቹ የጤና ተማሪዎች ጋር አንድ ላይ ነበርን። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ የራሱ መልክ ይመጣል፦ ኤፒዲሚዮሎጂ (በሽታ ሕዝብ ውስጥ እንዴትና ለምን እንደሚሰራጭ የሚያጠናው)፣ ባዮስታቲስቲክስ (የጤና ስታቲስቲክስ)፣ ሥነ ምግብ፣ የአካባቢ ጤና፣ የእናቶችና የሕፃናት ጤና፣ የጤና ትምህርት አሰጣጥ፣ የጤና አገልግሎት አስተዳደር።

ኤፒዲሚዮሎጂ ብቻውን ዲግሪውን ያስመርጠኛል። እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን ውስጥ ኮሌራ ሲገባ ጆን ስኖው የሚባለው ሐኪም የሞቱትን ሰዎች ቤት እየተከታተለ ውሃ መቅጃው ድረስ የሄደበትን፣ በኋላም በካርታ ላይ ያሳየበትን ታሪክ የማያውቅ ተማሪ የለም። የእኛ መምህር ግን እዚያ አላቆሙም። «ካርታውን ተዉትና እዚያው ሰፈር ሆነው ያልታመሙትን ፈልጉልኝ» አሉን። እዚያው አካባቢ የቢራ ጠማቂው ሠራተኞች ነበሩ። ቢራ ይጠጣሉ፣ ግቢያቸውም የራሱ ጉድጓድ አለው። የመንገዱን ውሃ አልነኩትም። ቀጥለው ደግሞ ሰው ከዚያ እንዳይቀዳ የውሃ መቅጃው እጀታ ሲነሳ ወረርሽኙ ቀድሞ መብረድ ጀምሮ እንደነበር፣ ይህንንም ስኖው ራሱ እንደጻፈው ነገሩን። ክፍሉ ጸጥ አለ። እጀታው ተነስቶ ሁሉም ዳነ ብለን ነበር የምናውቀው። ማስረጃና ጥሩ ታሪክ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የተማርኩት ያን ቀን ነው።

ሌላ ቀን መምህራችን ሰሌዳው ላይ ይህን ጻፉ። አንድ በሽታ ከ1,000 ሰው 10ሩን ይዟል። ምርመራው ከታመሙት 90 በመቶውን ያገኛል፤ ከጤነኞቹም 90 በመቶውን «ነፃ ነህ» ይላል። ፖዘቲቭ የወጣ ሰው በእርግጥ የታመመ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው? ሁላችንም 90 አልን። ከዚያ አብረን አሰላነው። ከ10ሩ ታማሚ 9ኙ ፖዘቲቭ ይወጣሉ። ከ990ው ጤነኛ ግን 99ኙም ፖዘቲቭ ይወጣሉ። ከ108 ፖዘቲቭ ሰው የታመመው 9 ብቻ ነው፤ ከመቶ ስምንት ገደማ። አሁንም «ሕዝቡን በሙሉ እንመርምር» ሲባል ከሰማሁ፣ መጀመሪያ የምጠይቀው በሽታው እዚያ ምን ያህል እንደተሰራጨ ነው። እነዚያ 99 ሰዎች በሌለባቸው በሽታ ሌሊቱን ሲጨነቁ ያድራሉ።

ባዮስታቲስቲክስ ላይ ተበድለናል ብዬ አምናለሁ። ሁለት ሴሚስተር ሙሉ ፎርሙላ ገለበጥን። አንድም እውነተኛ ዳታ ኮምፒውተር ላይ ከፍተን አላየንም። 384 የሚለው የናሙና ቁጥር (ለጥናቱ ስንት ሰው እንደሚጠየቅ) በቃል ተሸመደደ፤ 95 በመቶ እርግጠኝነት፣ 5 በመቶ ስህተት፣ የምታጠናው ነገር ያለበት ሰው 50 በመቶ ነው ብለህ አስላ፣ አለቀ። ለምን 50? ማንም አልነገረንም። የገባኝ አራተኛ ዓመት ላይ ፕሮፖዛል ስጽፍ ነው። የምታጠኑት ነገር መጠኑ ካልታወቀ 50 በመቶ ትልቁን ናሙና ስለሚሰጥ፣ ለጥንቃቄ እሱ ይወሰዳል። ይህንን ለማስረዳት አሥር ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ኤፒ ኢንፎ የሚባለው የጤና ዳታ መተንተኛ ሶፍትዌር በነፃ ይገኝ ነበር፤ እኔ ራሴን ያስተማርኩት በእሱ ነው።

የመስክ ሥራው ነገር ከዚህ ይብሳል። ሦስተኛ ዓመት ላይ ለአንድ ወር አንድ ጤና ተቋም ተመደብን። ወሩን ሙሉ መዝገብ ከአንዱ ደብተር ወደ ሌላው ስንገለብጥ ከረምን። አንድም ቤት አልገባንም። መጨረሻ ላይ ግን «የመስክ ልምምድ» ተብሎ ማርክ ተሰጠን። ያንን ወር ማን ይመልስልኛል?

ዲግሪውን ያዳነልኝ አራተኛ ዓመት ላይ የተደረገ የአሥር ቀን የቤት ለቤት ጥናት ነው። መጠይቁ 42 ጥያቄ ነበረው። ሰባተኛው «መጸዳጃ ቤት አላችሁ?» ይላል። አንዲት እናት በር ላይ ቆመው «አዎ ልጄ፣ አለን» አሉኝ። ምልክት አድርጌ አለፍኩ። ማታ መጠይቁን ስናስረክብ አማካሪዬ «አየሽው?» አሉኝ። አላየሁትም። በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። «እማማ፣ ይቅርታ፣ መጸዳጃ ቤቱን ባየው ቅር ይልዎታል?» አልኳቸው። ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። መጸዳጃ ቤቱ አለ። በሩ ግን ተቆልፏል። አራት ቤተሰብ በጋራ ነው የሚጠቀምበት፤ ቁልፉ የሚውለው አንደኛው ጎረቤት ጋ ነው፤ እሱ ደግሞ ጠዋት ሥራ ሄዶ የሚመለሰው ማታ ነው። «ታዲያ ቀን ቀን ልጆቹስ?» ስላቸው እጃቸውን ዘርግተው ከአጥሩ ጀርባ ያለውን ሜዳ አሳዩኝ።

መልሳቸው ውሸት አልነበረም። የእኔ ጥያቄ ነው ያልበቃው። አማካሪዬን አስፈቅጄ ከቀጣዩ ቤት ጀምሮ በመጠይቁ ጠርዝ ላይ «ቁልፉ ማን ጋ ነው?» ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። ጥናቱ ሲያልቅ አራቱን አባወራዎች ሰብስበን ያየነውን ነገርናቸው። ቁልፉን አራት አድርጎ ማስቀረጽ የእነሱ ሐሳብ ነው፤ እኛ ስለ በሽታ መተላለፊያ ልናስተምር ነበር የተዘጋጀነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ መሠረታዊ ጤና አገልግሎት የወጣውን ዓለም አቀፉን የአልማ አታ መግለጫ ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። ሰዎች በጤና አገልግሎታቸው ዕቅድና ሥራ የመሳተፍ መብትም ግዴታም አላቸው ይላል። የገባኝ እዚያ ጓሮ ነው።

ስለ ሥራ ብዙ አልልም። የበሽታ ቅኝት፣ የጤና ትምህርት፣ ዳታ፣ የፕሮጀክት ክትትልና ግምገማ ላይ ትገባላችሁ። ችግሩ የዲግሪው ስም ነው። አንዱ «ኮሚዩኒቲ ሄልዝ»፣ ሌላው «ፐብሊክ ሄልዝ» ይለዋል፤ የሥራ ማስታወቂያ ላይ ደግሞ አንዱ ብቻ ይጻፋል። እኔ ሁለት ጊዜ በስሙ ብቻ ከማመልከቻ ወድቄያለሁ። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት ዲግሪው ላይ የሚጻፈው ስም ምን እንደሆነ፣ የሙያ ፈቃድ ሰጪው አካልም በዚያ ስም ያውቀው እንደሆነ ጠይቁ።

ትምህርት ቤት ስትመርጡ ደግሞ ብሮሸሩን ተዉት። አራተኛ ዓመት ተማሪ ፈልጉና ሦስት ነገር ጠይቁት። ስንት ቤት ገባህ? ዳታውን ራስህ ነው የተነተንከው? ያገኛችሁትን ውጤት ለሰዎቹ መልሳችሁ ነገራችኋቸው? ሦስተኛውን ሲሰማ ግራ ከተጋባ፣ ሌላ ትምህርት ቤት ፈልጉ።

የእህቴ ጓደኛ ሁለት ትምህርት ቤት ይህንኑ ጠይቃ አንዱን መርጣለች። የኤፒዲሚዮሎጂ ደብተሬን ሰጥቻታለሁ። ሰኞ ትጀምራለች።