ፊትን ወደ ኋላ የሚያዞር የሕፃን የመኪና መቀመጫ፦ የ14 ወር አገልግሎቱ

ይህን መቀመጫ የገዛነው ልጃችን 4 ወር ሲሞላት ነበር፤ አሁን ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል፣ እስካሁንም የምትጓዘው ፊቷን ወደ መኪናው ኋላ አዙራ ነው። መቀመጫው ከ40 እስከ 105 ሴንቲ ሜትር ቁመት ላላቸው ልጆች የተሠራና በተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 129 መሠረት የተፈተነ ነው። ደንቡ መቀመጫዎችን በልጁ ቁመት የሚመድብ ሲሆን፣ 15 ወር ያልሞላው ሕፃን ወደ ፊት ዞሮ እንዲቀመጥ አይፈቅድም። እኔ ግን 15ኛውን ወር እንደ ቀጠሮ አልቆጠርኩትም፤ የሕፃን ጭንቅላት ከሰውነቱ አንጻር ከባድ፣ አንገቱም ገና ያልጠና በመሆኑ፣ ከፊት ግጭት ሲደርስ የመቀመጫው ጀርባ ጭንቅላቱንና አንገቱን አንድ ላይ ደግፎ መያዙ ከዚያ ዕድሜ በኋላም ይጠቅመዋል። እግሯ የወንበሩን መደገፊያ መንካቱ አያቷን ቢያሳስባቸውም እርሷ ግን እግሯን አጥፋ መቀመጡን ለምዳዋለች።

ያስቸገረን መቀመጫውን ከመኪናችን ጋር ማስማማቱ ነበር። በመጀመሪያ የገዛነው ወለሉን የሚረግጥ የብረት እግር ያለው ሲሆን፣ እግሩ የሚያርፈው በወለሉ ውስጥ በተሠራ የዕቃ ማስቀመጫ ክዳን ላይ ሆነ፤ ክዳኑ በግጭት ጊዜ ሊሰበር ስለሚችል መመሪያው ይህን ይከለክላል። መኪናው ውስጥ ሳንሞክረው መግዛታችን የራሳችን ጥፋት ነው። እርሱን መልሰን በመኪናው ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ የሚታሰረውን ይህን ወሰድን። ከጎን ከሚደርስ ግጭት የሚርቀው መሐለኛው ቦታ ቢሆንም፣ የእኛው ጠባብና ጉብታ ያለበት ስለሆነ መቀመጫው አጋደለ፤ ስለዚህ ከፊት ተሳፋሪው ኋላ አሰርነው። የፊት ወንበሩን ጭራሽ አላሰብነውም፤ ኤርባግ ሲፈነዳ የሚመታው ወደ ኋላ የዞረውን መቀመጫ ጀርባ፣ ማለትም ሕፃኑ ጭንቅላቱን ያሳረፈበትን ቦታ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት መቀመጫው መላላቱን አስተዋልኩ፤ የመኪናው ወንበር ስፖንጅ ከክብደቱ የተነሣ ሟሽሾ ነበር። ቀበቶው የሚያልፍበትን ቦታ ይዤ ወደ ጎንና ወደ ፊት ስገፋው ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ በጉልበቴ ተጭኜ ቀበቶውን እንደገና እስበዋለሁ። የላይኛውን ጫፍ እየነቀነቁ መፈተሽ ግን ያሳስታል፤ ወደ ኋላ የዞረ መቀመጫ ጫፉ ትንሽ መወዛወዙ የተለመደ ነው።

የትከሻ ማሰሪያዎቹ ከጭንቅላት መደገፊያው ጋር አብረው ከፍ ማለታቸው ከሁሉ ይልቅ ያስደሰተኝ ነው፤ ማሰሪያው ከትከሻዋ እኩል ወይም ጥቂት ዝቅ ብሎ እንዲወጣ ሦስት ጊዜ ብቻ አስተካክያለሁ። በትከሻዋ ላይ ያለውን ጨርቅ በሁለት ጣት ቆንጥጬ ማጠፍ ከቻልኩ ላልቷል ማለት ነው። ወፍራም ጃኬት ከማሰሪያው ሥር ክፍተት ስለሚፈጥር አውልቀንላት፣ ካሰርናት በኋላ ብርድ ልብስ እንደርብላታለን።

የሚያማርረኝ ዘለበቱ ነው፤ የብስኩት ፍርፋሪ ሲገባበት ይጠነክራል፣ ፀሐይ ላይ ሲቆምም ብረቱ ቆዳ የሚያቃጥል ያህል ይሞቃል። ልብሱን ለማጠብ ማውለቅ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ማሰሪያዎቹን ግን ሳሙና ሊጎዳቸው ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ ብቻ እጠርጋቸዋለሁ።